ኪቦርዱ ድምፅ ሲቀይር

እሺ፣ ዛሬ ላወራ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ግን የቅዳሜው ነገር አልለቀቀኝም። ጎረቤቴ ጀነሬተሯን ካስነሳች እንደተለመደው ቻሉት።

ስታዲየም አካባቢ ያለው ቤት ነው፣ ሁሌ የማወራላችሁ። ልጅቷ የራሷን ዘፈን እየዘፈነች ነበር። ቀስ ያለ ነው። ኪቦርዲስቱ የድሮውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ ይዟል፣ ድራመሩ ደግሞ ከምቱ ትንሽ ቀረት ይላል፣ የዘገየ ይመስላችኋል ግን አልዘገየም። አሜሪካዊውን የሶል ዘፋኝ ዲአንጄሎን የምትሰሙ ይገባችኋል። በፈረንጆቹ 2000 የወጣው «ቩዱ» አልበሙ ላይ ድራመሩ ኩዌስትላቭ ሆን ብሎ እንደዛ ነው የመታው፤ ነገሩን ያመጣባቸው ፕሮዲውሰሩ ጄ ዲላ ነው።

ብቻ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ሰውዬ ተነሳ። 200 ብር ግንባሯ ላይ ለጠፈ። ጆሮዋ ስር የሆነ ነገር ሹክ አላት። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዛ ወደ ኪቦርዲስቱ ዞራ በአገጯ ምልክት ሰጠችው። ልጁ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ፒያኖው ጠፋ፣ የብራስ፣ የጥሩምባው ድምፅ መጣ፣ ቺክቺካ! ቤቱ በአንዴ ተነሳ።

ሽልማት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ሸላሚ ባይኖር አዝማሪ በምን ይኖር ነበር? ቺክቺካም የራሳችን ነው፣ እወደዋለሁ፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። ግን ዘፈኑ እንዴት እንደሚያልቅ ሳልሰማ ቀረሁ። ይሄ ያበሳጨኛል። በጣም!

ዲአንጄሎ የሰባኪ ልጅ ነው፣ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ። በልጅነቱ ጴንጤ ቸርች ውስጥ ነው ፒያኖ ሲጫወት ያደገው። እዚህም ጎበዝ ኪቦርዲስት ስታገኙ የት ተማርክ በሉት፣ ብዙ ጊዜ ኳየር ይላችኋል። ወደ ዲአንጄሎ ስመለስ፣ ፕሪንስ አለ፣ ማርቪን ጌይ አለ፣ አል ግሪን አለ፣ ሁሉንም እየሰማ ነው የራሱን ያወጣው። ያን ሁሉ ለፍቶ፣ ከወገብ በላይ ራቁቱን የታየበት አንድ ክሊፕ ወጣ፣ በቃ፣ ኮንሰርት ላይ «አውልቅ! አውልቅ!» ሆነ። ቀጣዩ አልበም የመጣው 2014 መጨረሻ ላይ ነው። ዝምታው በዛ ብቻ ነው አልልም፣ ሱስም ነበረበት፣ የመኪና አደጋም ደርሶበታል። ጥቅምት 2025 በካንሰር ሞተ፣ ገና በ51 ዓመቱ። ሦስት የስቱዲዮ አልበም ብቻ። ሦስት!

እና ልጅቷን ሳያት... አይ፣ አንድ ናቸው ማለት አልችልም። እሷ የቤት ኪራይ አለባት። ደግሞ ቺክቺካው ላይ ስትስቅ ነበር፣ የምሯን ነው የምትስቀው። ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፣ ግን ምን ብዬ?

ቆይ ግን፣ ሰውዬው ዘፈኑን ወዶት ቢሆንስ የሸለማት? እኔ እኮ «ሞቅ አድርጊው» ያላት መስሎኝ ነው እስካሁን የምናደደው። ያለውን አልሰማሁም። «ቀጥይበት» ብሏት ከሆነ ታዲያ እሷ ለምን... አይ፣ እንደዛ ከሆነማ ይብሳል። ወይስ... እኔ እንጃ።