ቦንሳይ ለጀማሪ፦ ፍየል የጋጠችው ወይራ ምን ያስተምረናል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን በሳህን ውስጥ እየቀረጹ በትንሹ የማሳደግ ጥበብ፣ እንጀምራለን። የምንጀምረውም በወይራ ነው። አዎ፣ ጥርስ በምንፍቅበት፣ እንስራ በምናጥንበት በራሳችን ወይራ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የቦንሳይ ሰዎች አጥብቀው ከሚወዷቸው ዛፎች አንዱ ይኸው የዱር ወይራ ነው። እኛ ደጅ ላይ አለ፣ ያውም በርካሽ!

[ምስል፦ የግጦሽ መሬት ዳር፣ ዝቅ ያለ የወይራ ቁጥቋጦ]

እስቲ ይህን ተመልከቱልኝ። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርጉ ግን ግንዱ የክንድ ያህል ወፍሯል። ምን ሆኖ ነው? ፍየል ናት! ፍየሏ መጣች፣ ጫፉን ቀጠፈች። ከሥር ሁለት ቀንበጥ ወጣ። ተመልሳ መጣች፣ ሁለቱንም ቀጠፈች፤ አራት ሆኑ። አራቱንም ቀጠፈች። ክረምት ሲመጣ ይለመልማል፣ በጋ ሲመጣ ይጋጣል፤ ይለመልማል፣ ይጋጣል። ቅርንጫፉ እየተጠጋጋ፣ ቅጠሉ እየደቀቀ ሄደ፤ ግንዱ ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወፈረ። ልብ በሉ፦ ፍየሏ ውሃ አልከለከለችውም፤ አፈሩንም አልነጠቀችውም። የወሰደችው ጫፉን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅርንጫፍ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች ይልካል፤ ኦክሲን ከታች ያሉትን እንቡጦች አስተኝቶ ያቆያል። ጫፉ ሲቆረጥ የተኙት ይነሳሉ። በቃ። የእናንተ መቀስ የፍየሏ ጥርስ ነው። እሷ ያገኘችውን ትበላለች፣ እናንተ ግን ትመርጣላችሁ። (ቁጥቋጦውን ቆፍራችሁ እንዳትወስዱት አደራ! የሰው መሬት፣ የደብር ደን ነው። ችግኝ ጣቢያ ሂዱ።)

አሁን ወደ ኮሜንቶቻችሁ። በየቪዲዮው ሥር አንድ ነገር ይደጋገማል፦ «ቦንሳይ ማለት ዛፉን በውሃና በምግብ እጥረት ማቀጨጭ አይደል? ኃጢአት አይሆንም?» ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው። አይደለም። በፍጹም አይደለም። ዛፉን የሚያሳንሰው መቀስ ነው፤ ጥማት አያሳንስም፣ ይገድላል። እንዲያውም የቦንሳይ ዛፍ አፈሩ ጥቂት ስለሆነ መሬት ላይ ካለው ወንድሙ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይፈልጋል፤ ማዳበሪያም በእድገቱ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ፣ ሳሳ ተደርጎ ይሰጠዋል። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ወገኖች ወደ ብሔራዊው አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) ጎራ በሉ፤ መግቢያው ነፃ ነው። እዚያ የያማኪ ጥድ የሚባል ነጭ የጃፓን ጥድ አለ። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲቀረጽ የኖረ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ እዚያው ከተማ፣ ከግንብ አጥር ጀርባ ሆኖ ተረፈ፤ በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ። የተራበ ዛፍ አራት መቶ ዓመት ይኖራል?

«የቦንሳይ ዘር» እያሉ የሚሸጡም አሉ። እንዲህ ያለ ዘር የለም፤ ገንዘባችሁን ያዙ። ቦንሳይ በጃፓንኛ በዝርግ ሳህን ላይ የተተከለ ማለት ነው እንጂ የዛፍ ዓይነት ስም አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ችግኝ ስትመርጡ ቁመቱን እርሱት፤ እታች እዩ። ግንዱ ከሥሩ ወፈር ያለ፣ ዝቅ ብለው የወጡ ቅርንጫፎች ያሉት ይሁን። ግንዱ እንደ አውራ ጣት እስኪወፍር ሰፊ ዕቃ ውስጥ አቆዩት፤ ትንሿ ሳህን ውስጥ ከገባ በኋላ ግንድ ብዙም አይወፍርም። ጀማሪ አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቀጭን ችግኝ ቶሎ ሳህን ውስጥ ያስገባና ዓመታት ቢጠብቅም ቀጭን ሆኖ ያገኘዋል።

አፈር። ስፖንጅ ውሃ አጠጡና አቁሙት፤ ውሃው ከሥር ይንጠባጠባል። ያንኑ ስፖንጅ አጋድሙት፤ ብዙው ውሃ እዚያው ይቀራል። ዝርግ ሳህን እንደ ተጋደመው ስፖንጅ ነው። ስለዚህ የጓሮ ጥቁር አፈር ብትሞሉበት ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበትን ፑሚስና ሬድ አሽ (ቀዳዳ የበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች) ፈልጉ፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነፍታችሁ አቧራውን እጠቡት። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ ሁለት እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ።

ለደጋ ሰው ሰኔ መግቢያ ላይ ወደ ሳህን አዛውሩት። ከሥሩ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ፤ በዚያው ቀን ቅርንጫፉንም አትመልምሉ፣ ሁለት ቁስል ባንዴ ይከብደዋል። የሳህኑን ቀዳዳዎች በመስኮት ወንፊት ሸፍኑ፣ ዛፉንም ከሳህኑ ጋር በሽቦ እሰሩት፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው አዲሶቹ ሥሮች ይበጠሳሉና። ለአንድ ወር ማዳበሪያ የለም። ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ፤ ደጅ እንጂ ሳሎን አይደለም። ቅርንጫፍ በሽቦ ማጠፍን ለብቻው በሚመጣው ቪዲዮ እናየዋለን፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ደወሏን ተጫኑ።

ውሃውን በቀን መቁጠሪያ አታጠጡ። የጥርስ መፋቂያ ስንጥር አፈሩ ውስጥ ሰክታችሁ አውጡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ ሊደርቅ ሲል ከሥር እስኪወርድ አጠጡት።

ከተዛወረ በኋላ ቅጠሉን ቢያረግፍ አትደንግጡ። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥር አረንጓዴ ከታያችሁ በሕይወት አለ። «ጠምቶት ነው» ብላችሁ ውሃ እንዳትደራርቡበት፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ ብዙ አይጠጣም። ጥላ ውስጥ አስቀምጡና እንቡጡን ጠብቁ።