መጀመሪያ ጎማውን አስተንፍሱ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አሸዋ ላወራችሁ ነው።

እዚህ ኤምሬትስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ በረድ ሲል ቅዳሜና እሁድ አገሩ ሁሉ ወደ በረሃ ይወጣል። በሐታ መንገድ ወደ በዳየር የሚሄደው፣ ወደ ሊዋ የሚወርደው፣ ብዙ ነው። የእኛም ልጆች እየበዙ ነው፤ ደስ ይለኛል። ሁሉም የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «የቱ መኪና ይሻላል? ፓትሮል ነው ላንድክሩዘር?» እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ሁሌም ያው ነው። ጎማህ ላይ ስንት ንፋስ አለ?

ሲጠየቁ ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። ሰውየው ስንት መቶ ሺህ ድርሃም ከፍሎ የገዛው መኪና ነው፤ መሃል ላይ «ሳንድ»፣ አሸዋ ማለት ነው፣ የሚል ቁልፍ አለው፣ ስክሪኑ ላይ የግመልና የአሸዋ ስዕል ይመጣል፣ እና እኔ ስለ ንፋስ እጠይቀዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለስላሳ አሸዋ ላይ ከዚያ ቁልፍ በላይ የሚሠራው ከቫልቮላው የሚወጣው ንፋስ ነው። ይሄን የምለው አዲስ መኪና ጠልቼ አይደለም። እወዳቸዋለሁ። ሥራቸውን ማወቅ ግን አለብን።

አስፋልት ላይ የጎማችሁ ንፋስ 35 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ ፒኤስአይ የንፋሱ ግፊት መለኪያ ነው። እንደዚያ ሆኖ አሸዋ ሲገባ ጎማው ጠንካራና ክብ ነው፣ መሬት የሚነካው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፣ ሁለት ቶን ተኩል የሚሆነው ክብደት በሙሉ እዚያች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ይሰምጣል። መስመጡ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ከፊቱ አሸዋ እየገፋ ትንሽ ኮረብታ ይሠራል፣ መኪናው ደግሞ ሜዳ ላይ እየሄደ ሳለ ያቺን ኮረብታ ሁልጊዜ እየወጣ ነው። ሞተሩ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ወደ 15 ስታወርዱት ጎማው ከታች ይተኛል። ሰው ወደ ጎን የሚሰፋ ይመስለዋል፤ በዋናነት ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው የሚረዝመው፣ እንደ ታንክ ሰንሰለት። ክብደቱ ይከፋፈላል፣ ከፊት የሚገፋው አሸዋ ይቀንሳል፣ መኪናው ላይ ላዩን ይሄዳል። በጣም ለስላሳ ቦታ 12 የሚያወርዱም አሉ። ከ10 በታች ግን ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል፣ በተለይ መሪ በኃይል ከጠመዘዛችሁ። ስለዚህ በተነፈሰ ጎማ ድንገተኛ መታጠፍ የለም።

እዚህ ላይ የዘንድሮ መኪና አንድ ችግር አለው። ቸርኬው ትልቅ፣ ላስቲኩ ቀጭን ነው። 20 ወይም 22 ኢንች ቸርኬ ያለው መኪና ያምራል፣ ግን የሚተኛ ላስቲክ የለውም። ለበረሃ የምትገዙ ከሆነ አነስ ያለ ቸርኬ ያለውን ምረጡ። እኔ ብሆን ለቆዳ ወንበር ከምከፍለው ለዚህ እከፍላለሁ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። የመንሸራተት መቆጣጠሪያው የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት ይለካል። አንዱ ከሌላው በልጦ ሲሽከረከር ፍሬን ይይዝበታል፣ አብሮም የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። እርጥብ አስፋልት ላይ ይሄ ነገር ነፍስ ያድናል፣ ቀልድ አይደለም። አሸዋ ላይ ግን ጎማ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ አካሄዱ እንደዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ያንን አደጋ ነው ብሎ ያነባል። እና ዱኑን፣ ማለትም የአሸዋውን ኮረብታ፣ እየወጣችሁ፣ ገና ግማሽ ላይ፣ ጉልበት በምትፈልጉበት ሰዓት፣ ጉልበቱን ይወስድባችኋል። እግራችሁ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ሞተሩ ዝም ይላል። «ሳንድ» የሚለው ምርጫ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ጎማው የበለጠ እንዲሽከረከር ይፈቅድለታል። ላላ ባለ ቦታ ደግሞ ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል። በብዙ መኪና አንዴ ነካ ማድረግ ግማሹን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ መያዝ አለባችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚንሸራተት መኪና ስዕል ያለው መብራት በርቶ ሲቀር ጠፍቷል ማለት ነው። አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ አብሩት፣ አደራ።

በቅርቡ በዳየር ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ፣ መኪናው ገና ፕላስቲኩ ከወንበሩ አልወረደም። ሜዳ በሚመስል ቦታ ላይ ተቀርቅሯል። አባትየው ነዳጅ ይሰጣል፣ ጎማው ትንሽ ይዞርና ጠክ ጠክ ጠክ የሚል የፍሬን ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ መኪናው አንድ ጣት ያህል ይወርዳል። እንደገና ይሰጣል፣ እንደገና ይወርዳል። ስንደርስ ሆዱ አሸዋው ላይ ተኝቷል፣ ጎማዎቹ ክብደት አልያዙም። ገመድ ይዛችኋል ወይ ብሎ ለመነን። ገመዱ አለ፣ ግን ቆይ አልነው። ከአራቱም ጎማ ፊትና ኋላ አሸዋውን በአካፋና በእጅ ጠረግን፣ ከሆዱ ሥር አወጣን። ከዚያ ቫልቮላዎቹን ከፈትን። ያ የንፋስ ድምፅ፣ ሽሽሽ የሚለው፣ ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ ሊነኩት መጡ። 15 ሲደርስ መሪውን አቅና፣ በመጣህበት መስመር በሪቨርስ ቀስ ብለህ ውጣ አልነው። ወጣ። ሳይጎተት ወጣ። ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው።

እና ከሁሉም ከባዱ ነገር ምን መሰላችሁ? እግርን ከነዳጁ ማንሳት። መኪናው መቆም ሲጀምር ሰውነታችን ጨምር ጨምር ይለናል። አሸዋ ላይ ከቆማችሁ በኋላ የምትጨምሩት ነዳጅ ሁሉ ጉድጓድ ነው። ቶሎ የተወ ሰው በአምስት ደቂቃ ይወጣል፤ እልህ የያዘው አካፋ ይዞ ያመሻል። እኔ ሰውን በዚህ ነው የምለየው። ጥሩ ነጂ የምለው ጎማው ባዶውን መሽከርከር እንደጀመረ እግሩን የሚያነሳውን ነው። ፍሬንም አይረግጥም፣ ፍሬን ከጎማው ፊት አሸዋ ይከምራል። ዝም ብሎ ይለቀዋል፣ አሸዋው ራሱ ያቆመዋል። ከቻለ ደግሞ አፍንጫው ወደ ቁልቁል ሆኖ ነው የሚያቆመው፣ ሲነሳ እንዲቀለው።

ዱን ስትወጡ ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ካልሆነላችሁ ቀጥ ብላችሁ በሪቨርስ ውረዱ። ግማሽ ላይ ለመዞር መሞከር መገልበጥ ነው። የዱኑን ጎን ይዛችሁ አግድም እየሄዳችሁ መኪናው ወደ ታች መንሸራተት ከጀመረም መሪውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሩ፣ ልባችሁ ወደ ላይ ቢልም። ነፋስ የሚመታው የዱኑ ጎን ጠንከር ያለ ነው፤ ከጀርባው ያለው ለስላሳና ገደል ነው፣ ከ30 ዲግሪ ይበልጣል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ ስለሌለ ይሄ ገደል አይታይም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። ጠዋት ውጡ። ጥላው ቅርጹን ያሳያችኋል፣ የሌሊቱ ጤዛም አሸዋውን ትንሽ ያጠነክረዋል።

አገር ቤት ወደ ኤርታ አሌ ቱሪስት የሚያወርዱትን ሾፌሮች አስባቸዋለሁ። «ሳንድ» የሚል ቁልፍ በሌለው የድሮ ላንድክሩዘር አሸዋም የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ያልፋሉ። የእነሱ ፈተና ከእኛ ይከብዳል፤ አሸዋው የተነፈሰ ጎማ ይፈልጋል፣ ያ ስለታም ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የተነፈሰ ጎማ ጎኑን ይቀደዋል። በየቦታው ማመዛዘን ነው። እዚህ ሊዋ ያን ድንጋይ ስለሌለን ዕድለኞች ነን፣ ስለዚህ ላለማስተንፈስ ምክንያት የለንም።

አንድ ነገር በጣም በቁም ነገር። ስትጎተቱ ገመዱን ተጎታች ማያያዣው ኳስ ላይ አታስሩ። በጭራሽ። ያ ኳስ ሲነቀል እንደ ጥይት ነው የሚወነጨፈው፣ ሰው ገድሏል። ሻንሲው ላይ የታሰረውን ትክክለኛ ጋንቾ ፈልጉ፤ አንዳንድ አዲስ መኪና ላይ ፓራውልቱ ውስጥ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ስለሚገኝ ከቤት ሳትወጡ ቦታውን እዩት። ገመዱ ሲወጠር ልጆችም አዋቂዎችም ራቅ ይበሉ።

ኮምፕረሰር ይዛችሁ ውጡ፣ ከአስፋልቱ ዳር ቆማችሁ መልሳችሁ ሙሉ። በ15 ፒኤስአይ አውራ ጎዳና ላይ መቶ ኪሎሜትር በሰዓት የሚነዳ ሰው አይቻለሁ፤ ጎማው ይግልና ይፈነዳል። ኮምፕረሰር ከሌላችሁ በዝግታ፣ በዳር በዳር፣ እስከ ቅርቡ ማደያ። የመኪናችሁን ዓይነትና የጎማውን መጠን ከጻፋችሁልኝ ከስንት እንደምትጀምሩ በሚቀጥለው እነግራችኋለሁ። ቻው።