የአባቴ "ምንም"

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ነው። ከኋላዬ የሚሰማችሁ እንቁራሪት ነው።

አባቴ ዘበኛ ነበር። እዚሁ ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ 22 ዓመት ሌሊት ሌሊት ጠብቋል። ልጅ ሆኜ ጠዋት ሲመለስ በር ላይ እቆምና "አባዬ፣ ዛሬ ምን አየህ?" እለዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። "ምንም።" ጋቢውን አጥፎ ይተኛል። እኔ ቅር ይለኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ፣ እንዴት ምንም?

ሰሞኑን ስለ አንድ ኮከብ ሳነብ ያ "ምንም" ትዝ አለኝ።

ኮከቡ ኒውትሮን ኮከብ ከሚባሉት ነው። ከፀሐይ በጣም የገዘፈ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ መሃሉ ወደ ውስጥ ይደረመሳል። የሚቀረው ከፀሐይ የሚከብድ፣ ግን ከዳር እስከ ዳር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ኳስ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከፀሐይ የሚከብድ ነገር ጣና ላይ ቢቀመጥ ዙሪያውን ውሃ ይተርፋል።

አንዳንዶቹ ጎረቤት ኮከብ አላቸው። ከጎረቤታቸው ጋዝ ይስባሉ። ጋዙ ላያቸው ላይ ይነጠፋል፣ ይደራረባል፣ ከታች እየተጨመቀ ይግላል። ጀበና ጥዳችሁ ዞር ስትሉ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ድንገት ይገነፍላል። እዚያም እንደዚያው ነው፤ እሳቱ ግን የኒውክሌር እሳት ነው። በሰከንዶች ውስጥ ኮከቡን ያዳርሰዋል። ከዚያ ይበርዳል፣ ጋዙም እንደገና ይጠራቀማል። አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት ልዩነት ይደግመዋል።

የሚወጣው ብርሃን በብዛት ኤክስሬይ ነው። ሐኪም ቤት "ራጅ ተነሳ" የምንባለው ያው ራሱ። አየራችን አያሳልፈውም፤ ተመስገን ነው። ስለዚህ ሊያየው የፈለገ ከአየር በላይ መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ ሳልናገር ባልፍ ደስ የማይለኝ ነገር አለ። ለኤክስሬይ ተብላ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተተኮሰችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው፤ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ የኬንያ የነጻነት በዓል ዕለት። ስሟንም ኡሁሩ አሏት፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ሰማይ ላይ 4ዩ 1820 የሚባል የኤክስሬይ ምንጭ አለ፤ ያቺ "ዩ" ኡሁሩ ነች። ተመራማሪዎቹ ጆናታን ግሪንድሌይና ጆን ሃይዝ እ.ኤ.አ. በ1975 በተቀዳ የኔዘርላንድስ ሳተላይት መረጃ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍንዳታ ያገኙት ከዚሁ ምንጭ ነው። የኛ ሰፈር ቃል ሰማይ ላይ ቀርቷል። እኔን ያኮራኛል።

አሁን ወደ ነሐሴ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ላይ ናይሰር የሚባል የናሳ ቴሌስኮፕ አለ። ፎቶ አያነሳም። ሥራው መቁጠር ነው፤ የምትደርሰውን እያንዳንዷን የኤክስሬይ ቅንጣት መቼ እንደደረሰች ይመዘግባል። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ሳክስ ጄ1808 የሚባለውን ኮከብ እያየ ነበር። 11,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል፣ በሰከንድ 401 ጊዜ ይሾራል። ድንገት ገነፈለ። ፀሐያችን በ10 ቀን ገደማ የምታወጣውን ጉልበት በ20 ሰከንድ ለቀቀው። ናይሰር እስከዚያ ቀን ካየው ፍንዳታ ሁሉ የደመቀ ነበር። ከዚያ አበቃ።

ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው ክው አልኩ። ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ቀን የቀረው ሌሊት ነው። እናቴ ሰዓታት ቆማ ነበር። አባቴ ዘብ ላይ ነበር። ኮከቡ ደግሞ በዚያ ሰዓት በባሕር ዳር ሰማይ ላይ እንኳ አልነበረም። ጠልቆ፣ ከእግራችን በታች ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ጉልበቱ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቀናት ናቸው። ኮከቡ ጋዝ መሳብ መጀመሩ ታውቆ ስለነበር ናይሰር እየተመላለሰ ያየው ነበር። በ20 ሰከንድ ለሚያልቅ ነገር "ተጀመረ" ተብሎ አይደረስም። ቀድሞ እዚያ መገኘት ያስፈልጋል። ደግሞ የጸጥታው መዝገብ ባይኖር ፍንዳታው ስንት እጥፍ መድመቁ በምን ይለካል? ያ ሁሉ "ምንም" ተቆጥሮ ተቀምጧል።

ባለፈው እሑድ አባቴን ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ምንም ስትለኝ ምን ነበር?"

ትንሽ አሰበና መናገር ጀመረ። ጅቡ ስንት ሰዓት ላይ በየት በኩል እንደሚያልፍ። ዓሣ አጥማጆቹ ወደ ውሃው ሲወርዱ እግራቸው እንዴት እንደሚሰማ። ዝናብ በትልቁ መጋዘን ቆርቆሮ ላይና በትንሹ ላይ እንዴት እንደሚለያይ። የማን ቤት በር ሲጢጥ እንደሚል። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ አላለቀም። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም እንደዚያ አድርጌ ጠይቄው አላውቅም።

ማታ ላይ ይዤው ወደዚህ መጣሁ። ኮከቡ በመስከረም ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በደቡብ በኩል ነው፤ ጣናን ጀርባ ሰጥቶ ማየት ነው። በዓይን እንደማይታይ ነገርኩት። "እሺ" አለኝ። ጋቢውን አስተካክሎ፣ ወደዚያው ዞሮ ተቀመጠ።