ሰኞ መምጣት የለብዎትም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ልጆቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ቅዳሜን ያህል የገበያ ቀን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከደጀንና ከብቸና በሌሊት ተነሥታችሁ፣ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ልትሰሙ ደብረ ማርቆስ ድረስ መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። «ሞዳል ቨርብ»፣ ማለትም ግዴታን፣ ፈቃድንና ግምትን የሚያሳዩ የእንግሊዝኛ ረዳት ግሶች፣ የሚለው ርእስ ገና ሲጠራ እንቅልፍ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከጤና ጣቢያ ሰው መጥቶ ከክፍል አስጠራኝ። ከውጭ የመጣች ነርስ ነበረች፤ አስተርጓሚዋ ቀርቶባታል። ስገባ አንዲት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ነርሷ ፈገግ አለችና «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም ባክ ኦን መንደይ» አለች። እኔም ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ማወቄን ይይልኝ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማማ፣ ሰኞ መምጣት የለብዎትም!» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ምን አጠፋሁ ልጄ? ደጃችንን አትርገጪ ነው የሚሉኝ?» አሉ። ነርሷ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች፤ የምሥራች ተናግራ ኩርፊያ ሲመጣባት ግራ ገብቷታል። እሷ እኮ ያለችው «ቁስሉ ደርቋል፤ ሰኞ ባይመጡም ይሆናል፤ አይድከሙ» ነው።

ያን ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ በኩራዝ ተቀምጬ ጥፋቴን ፈለግሁት። ስተረጉም አንድም ቃል አልሳትኩም። «ሃቭ ቱ» አለበት ነው፤ «ዶንት ሃቭ ቱ» ደግሞ የለበትም። ግን የእኛ «የለብህም» ሁለት ጌታ ያገለግላል። «ግብሩን ሁለቴ መክፈል የለብህም» ስንል አይጠበቅብህም ማለታችን ነው። «አባትህን መሳደብ የለብህም» ስንል ግን ነውር ነው፣ ክልክል ነው ማለታችን ነው። እኛ በድምፅና በሁኔታው እንለየዋለን። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን አንድ ቤት አያሳድራቸውም፤ የመጀመሪያው «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው፣ ሁለተኛው «መስት ኖት»። ፈረንጅ የሰጠችኝን ነጻነት በአማርኛ ሳሳልፈው እገዳ ሆነ። የእናንተ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በየዓመቱ የማርመው ወረቀት ላይ «ቅዳሜ ዩኒፎርም መልበስ የለብንም» ለማለት «ዊ መስት ኖት ዌር ዩኒፎርም ኦን ሳተርደይ» የሚል አገኛለሁ። ይህን ያነበበ እንግሊዛዊ፣ ቅዳሜ ዩኒፎርም ለብሶ የተገኘ ተማሪ እንደሚቀጣ ነው የሚገባው።

ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ይዛችሁልኝ ሂዱ፦ «የለበትም» ልትሉ ስትነሡ መጀመሪያ ራሳችሁን በአማርኛ ጠይቁ። «አያስፈልግም» ነው ወይስ «ክልክል ነው»?

አሁን ወደ ቃላቱ። ዋናዎቹ ሞዳል ቨርቦች ዘጠኝ ናቸው፤ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ፣ መስት። «ሃቭ ቱ» ጎረቤታቸው እንጂ ዘመዳቸው አይደለም፤ እሱ እንደ ተራ ግስ ይረባል። በነገራችን ላይ «ኩልድ» እያላችሁ የምታነቡ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። በ«ሹድ» እና በ«ዉድ» ላይ ያለችው «ኤል» ዱሮ ትነበብ ነበር፣ አሁን ዝም ብላለች። በ«ኩድ» ላይ ያለችው ግን ከነጭራሹ የራሱ አይደለችም፤ ሁለቱን ለመምሰል ኋላ የተሰካች ናት። ስለዚህ ያለ ሐፍረት ዝለሏት።

ሁለት ስሕተቶች ከአማርኛ ይዘናቸው የምንመጣቸው ናቸው። «መሄድ ይችላል» ስንል «መ» አለች፤ ተማሪው ያችን «መ» «ቱ» አድርጎ ይተረጉማትና «ሂ ካን ቱ ጎ» ይላል። ደግሞ «እችላለሁ፣ ትችላለህ፣ ይችላል» እያልን ግሱን በየባለቤቱ ስለምናረባው፣ እንግሊዝኛውም ለወንዱ አንድ ነገር ሊጨመርለት ይገባል ብሎ «ሂ ካንስ» ይላል። ሁለቱም ብልህነት ነው፤ ቦታውን ነው የሳተው። ከእነዚህ ከዘጠኙ ኋላ ግሱ ራቁቱን ይቆማል፣ እነሱም ለማንም ብለው አይለወጡም።

ለምን አይለወጡም? ካን፣ ሜይ፣ ሻልና መስት በጥንቱ እንግሊዝኛ ቅርጻቸው የኃላፊ ጊዜ፣ ትርጉማቸው ግን የአሁን ሆኖ የቀሩ ናቸው። ይህ የሚገርማችሁ ከሆነ የራሳችሁን «አለ» ተመልከቱት። «ሄደ፣ መጣ፣ አለ»፤ ቅርጹ አንድ ነው፣ ኃላፊ ነው። ትርጉሙ ግን «አሁን አለ»። እናንተ ሳታውቁት ከልጅነታችሁ ጀምሮ አንድ እንዲህ ዓይነት ግስ ትናገራላችሁ፤ «አለበት» ራሱ ከእሱ የተሠራ ነው። ግዴታን «ላዩ ላይ አለ» ብለን እንደ ሸክም ነው የምናየው።

የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራን፣ ዲማን፣ ጎንጅን ባፈራ አገር ስለ ሰዋስው ስናገር ትንሽ እፈራለሁ። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት እንደሆነ እዚህ ካሉት አባቶች አንዱ ሊነግረን ይችላል። የቅኔ ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል» ሲል፣ የሆነውን፣ የሚሆነውን፣ ይሆን ዘንድ የተፈለገውንና የታዘዘውን ከአንዱ ግስ ሆድ ውስጥ እያወጣ ነው። የእኛ ቋንቋዎች ፈቃድንና ትእዛዝን ግሱን ከውስጥ እየለወጡ ያሳያሉ። እንግሊዝኛ ደግሞ ግሱን ሳይነካ ከፊቱ አንዲት ቃል ያቆማል። ልዩነቱ የቦታ ነው፤ ነገሩን ካወቃችሁት ቆይታችኋል።

አክብሮትም እንዲሁ። እኛ ትልቅ ሰው ስናናግር «እርስዎ» እንላለን፣ ግሱም አብሮ ይነሣል፤ «ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይስጡኝ»። እንግሊዛዊው ለአያቱም ለውሻውም «ዩ» ነው የሚለው። ታዲያ አክብሮቱን የት አስቀመጠው? «ኩድ» እና «ዉድ» ውስጥ። «ጊቭ ሚ ዩር ፔን ፕሊዝ» ብሎ መምህሩን የጠየቀ ልጅ «እባክህ» ያለ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን «አምጣ!» የሚለውን ነው የሰማው። «ኩድ አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ሲል «እርስዎ» አለ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትገቡ ልጆች ይህችን አትርሱ።

ስለ ሕግ ጥቂት ልበል፤ ሕግ ልታጠኑ ያሰባችሁ ስላላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ «ይሆናል» ይላል። እንግሊዝኛው «ሻል ቢ» ነው። መንደር ውስጥ «ይመጣ ይሆናል» ስንል ጥርጣሬ ነው፤ ሕጉ ውስጥ ግን «ይሆናል» የማያወላውል ድንጋጌ ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ የፌዴሬሽኑ አባሎች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ «ይወስናሉ» ሲል፣ እንግሊዝኛው «ሜይ» ብሎታል፤ ሊወስኑ ይችላሉ እንደ ማለት። አንዱ ይወስናሉ ሲል ሌላው ይችላሉ አለ! ክርክር ቢነሣ አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሥልጣን ያለው አማርኛው ነው ይላል። ነጋሪት ጋዜጣ አዋጆችን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ያትማል። አንድ ቅጂ አግኝታችሁ «ሻል» እና «ሜይ» ያለበትን እያሰመራችሁ ከአማርኛው ጋር ብታስተያዩ፣ ከብዙ የልምምድ ደብተር ይበልጥባችኋል።

አሁን ስለ ልምምድ። ባዶ ቦታ ሙሉ የሚለው ጥያቄ መልካም ነው፣ እኔም አወጣዋለሁ፤ ግን ብቻውን ምላስ አይፈታም። ምላስ የሚፈታው ግምት ነው። እኛ ስንገምት ደረጃ አለን። በሩ ተቆልፎ ጫማው ከደጃፍ ካለ «ሳይተኛ አይቀርም» እንላለን፤ ይህ «ሂ መስት ቢ አስሊፕ» ነው። መስት እዚህ ግዴታ አይደለም፣ ማስረጃ ያለው ግምት ነው። ማስረጃው ከሳሳ «ተኝቶ ይሆናል» እንላለን፣ «ሂ ማይት ቢ አስሊፕ»። አሁን ከመንገድ አይታችሁት ከሆነስ? «ተኝቶ ሊሆን አይችልም!» ይህ «ሂ ካንት ቢ አስሊፕ» ነው። ልብ በሉ፣ «መስት ኖት» አይደለም፤ እሱን ካላችሁ እንዳይተኛ ከለከላችሁት። ጧት ስትነሡ መንገዱ ረጥቦ ካገኛችሁት ደግሞ ሌሊት ዘንቦ ነው፤ «ኢት መስት ሃቭ ሬይንድ»። ግዴታው ትናንት ከሆነ ግን «መስት» አይሠራም። «ትናንት መሄድ ነበረብኝ፣ ሄድኩም» ለማለት «አይ ሃድ ቱ ጎ» ነው። ሳትሄዱ ቀርታችሁ ቢቆጫችሁ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን»። ሁለቱም በአማርኛ «መሄድ ነበረብኝ» ናቸው፤ ጸጸቱን የሚለየው እንግሊዝኛው ነው።

መምህራን፣ ይህን በሰሌዳ ሠንጠረዥ አሥራችሁ አታስቀምጡት። አንድ ዕቃ በሻሽ ጠቅልላችሁ ወደ ክፍል ግቡ። ይዳስሱት፣ ይገምቱ። «ኢት ማይት ቢ» ብለው ጀምረው «ኢት ካንት ቢ» እየተባባሉ ይጣላሉ፤ መጨረሻ ላይ የኋላ ወንበሩ ዝምተኛ ልጅ «ኢት መስት ቢ ኤ ሲኒ!» ብሎ ይጮሃል። እኔ አይቻለሁ።

እናቲቱስ? ነርሷ የደረቀውን ቁስል በጣቷ አሳይታ፣ እኔ ደግሞ «እማማ፣ ድነዋል፣ ባይደክሙ ይሻላል ነው የምትለው» ብዬ አስታረቅኋቸው። ግን ሰኞ መጡ፤ ለእሷ ዕንቁላል ይዘው። ለእኔ ምንም አልያዙም።

በመስኮት ስታዩ በቾቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ይዘንብ እንደሆነ ለመገመት ከዘጠኙ የትኛውን እንደምትመርጡ ከጎናችሁ ላለው ሰው በእንግሊዝኛ ንገሩት፤ ምክንያታችሁንም ጨምሩ። ካልተስማማችሁ ተከራከሩ፤ እኔ እየዞርኩ እሰማለሁ።