«እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አሉ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የጠፋሁት ታምሜ አይደለም። «ደህና ነሽ ወይ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ። አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነው።

እህቴ በትዕዛዝ ኬክ ትጋግራለች፣ ብዙዎቻችሁ ስለ እሱ ጠይቃችሁኛል። «ኮድ የማልችል ጀማሪ ነኝ፣ ለእሷ የሠራሽላትን ዓይነት አውቶሜሽን (ሥራውን በራሱ የሚያስኬድ ነገር) በየትኛው መሣሪያ ልጀምር?» ነው ጥያቄው። ልመልስ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስቱንም ጊዜ አጠፋሁት። አሁንም ከመሃል ላቋርጥ እችላለሁ።

እሺ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዛፒየር የሚባለው የኢንተርኔት መሣሪያ ለመጀመር ቀላሉ ነው። «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» ትሉታላችሁ፣ አለቀ። በነፃው ግን በወር 100 ሥራ ነው፣ እርምጃውም ሁለት ብቻ፣ አንድ መነሻ እና አንድ ድርጊት። የእህቴ ሦስት ነው። ትዕዛዝ በፎርም ገብቶ ሺት (የሰንጠረዥ ፋይል) ላይ ሲጻፍ ካሌንደር ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቦቱ፣ ማለት መልእክት በራሱ የሚልከው ፕሮግራም፣ በቴሌግራም ያደርሳታል። ሦስተኛው እርምጃ በዶላር ነው። ለእኔ ዶላር ማለት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን የአጎቴን ልጅ በየወሩ ማስቸገር ማለት ነው። እሷን ደግሞ በስንቱ አስቸግራታለሁ።

ሜክ የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ። የድሮ ቪዲዮ ላይ ኢንቴግሮማት ሲሏችሁ ግራ አይግባችሁ፣ እሱው ነው፣ ስሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ተቀየረ። ክብ ክብ ነገሮችን በመስመር ታያይዛላችሁ፣ መረጃው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ ያንን ማየት እወዳለሁ። በነፃው በወር 1000 እርምጃ ይሰጣችኋል፣ ግን ከ100 አሥር እጥፍ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሺቱን «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ባየ ቁጥር፣ ምንም ባይኖር እንኳ አንድ ይቆጠራል። በየ15 ደቂቃው ካየ በቀን 96 ነው። 1000ው በ11ኛው ቀን አለቀ ማለት ነው። ዛፒየር ማየቱን አይቆጥርም፣ የሠራውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዌብሁክ የሚባለውን ቶሎ ተማሩ። መሣሪያው በየደቂቃው እየሄደ ከሚጠይቅ፣ ትዕዛዙ ራሱ ሲመጣ ይጠራዋል።

ኤን ኤይት ኤን (n8n) የሚባልም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን የተጀመረው። በራሳችሁ ኮምፒውተር ስትጭኑት ነፃ ነው፣ አይቆጥርባችሁም። ግን የራሳችሁ ኮምፒውተር ማለት የራሳችሁ መብራት ማለት ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ትዕዛዝ መቀበያውም አብሮ ሊሄድ ነው።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ አስልቻለሁ። በወር ስንት ትዕዛዝ፣ ለአንድ ትዕዛዝ ስንት እርምጃ። አስልቼ አንዱን መረጥኩ። የትኛውን እንደመረጥኩ አልናገርም፣ ምክንያቱም የሆነው ነገር ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ቴምፕሌት ወሰድኩ። ዝግጁ የሆነ፣ ሰው የሠራው። ደንበኛ ኬኩን የሚወስድበትን ሰዓት ሲጽፍ ቁጥሩን አንስቶ ካሌንደር ላይ የሚያስቀምጥ። ውስጡ አንድ ቀመር ነበረበት፦ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከ8 እስከ 11 ያለው ጠዋት ነው። ለሠራው ሰው አገር ልክ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ሌሊት 3 ሰዓት ኬክ የሚወስድ የለማ። በእኛ ግን 3 ሰዓት ጠዋት ነው። ልጅ ሆነን የተማርነው ነገር ነው! አየሁት፣ ሠራ፣ ደስ አለኝ፣ ዘጋሁት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አላወቀም። እንዴት እንዳልታወቀ ሳስበው ነው ይበልጥ የሚያመኝ። የልደት ኬክ ሁሉ 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ነው። ቦቱ ደግሞ ቁጥሩን በፈረንጅ ጠዋት 8፣ 9፣ 10 ብሎ አንብቦ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሰው ጠዋት 2 ሰዓት፣ 3 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ብሎ ይነግራታል። እህቴ ሌሊት ተነስታ ትጋግራለች፣ ጠዋት ኬኩ ዝግጁ ነው፣ ደንበኛው ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ይመጣል። «ሰው ዘንድሮ እንዴት ያረፍዳል» ትለኛለች። እኔም «አዎ፣ ሰው ተበላሽቷል» እላታለሁ። ቀጠሮ ማርፈድ የለመድነው ነገር ስለሆነ ሁለታችንም አልጠረጠርንም። ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነበር። አይቼዋለሁ። ሥራ በዛባት ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ።

እማማ መጡ። ስማቸውን አልናገርም። ከቤተክርስቲያን ቀጥታ ነው የመጡት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። የልጃቸው ልጅ ክርስትና ነው፣ ሴት ናት፣ 80 ቀኗ። ታክሲ ውጭ አቁመዋል። «ልጄ፣ ኬኩን ልወስድ ነው» አሉ። እህቴ ሊጥ በሊጥ ሆና ወጣች። ኬኩ ምድጃ ውስጥ ነው፣ ገና አልተቀባም። ያኔ እህቴ ያደረገችውን ልንገራችሁ። እሳቸውን አላየችም። ስልኳን አየች። «የለም እማማ፣ 9 ሰዓት ነው የተባለው» አለች።

እሳቸው «3 ሰዓት ነው እኮ ያልነው ልጄ» አሉ።

እኔ ደግሞ እዚያው ነኝ። ገባሁበት። «ሲስተሙ ላይ 9 ሰዓት ነው የሚለው እማማ» አልኩ። ድምፄ ትዝ ይለኛል። ቁጣ የለበትም፣ ለስላሳ ነበር፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት ዓይነት። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋቸው። መነጽር አልያዙም። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እኔ ተሳስቼ ይሆናል። እርጅና ነው» አሉ።

ታክሲው ጥሩምባ ነፋ። ሄዱ።

እኔ ገብቼ ሺቱን ከፈትኩ። ልጃቸው በራሷ እጅ የጻፈችው አለ። «ጠዋት 3 ሰዓት፣ እናቴ መጥታ ትወስዳለች»። ቦቱ «ጠዋት» የሚለውን ጥሎ 3ን ብቻ ነው ያነሳው። ከፍ ብዬ ሳይ 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት። የሁለት ሳምንቱ ሁሉ። የእህቴ እንቅልፍ ሁሉ።

ኬኩን 7 ሰዓት ላይ አደረስን። እንግዳው በልቶ ነበር። መረቁን፣ «ይባርካችሁ» አሉን። ገንዘቡን አንቀበልም ብንል እምቢ አሉ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ በዚያ መሃል «እማማ፣ የተሳሳትነው እኛ ነን» የሚለው ከአፌ አልወጣም። ማታ ለልጃቸው ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ችግር የለም፣ እነግራታለሁ» አለች። ትነግራቸው አትንገራቸው…

ቀመሩን አስተካክያለሁ። ለማስተካከል የፈጀብኝ አምስት ደቂቃ ነው። የጀመራችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የምትሞክሩት በራሳችሁ ሰዓት፣ በራሳችሁ ቀን የተጻፈ እውነተኛ ትዕዛዝ ይሁን። ጥር 11 ተብሎ የተጻፈውን እንዴት እንደሚያነበውም እዩ። እኔ የሞከርኩት ቴምፕሌቱ ይዞት በመጣው ምሳሌ ነበር። ምናልባት መሣሪያ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት፣ ያለፈውን እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከፍታችሁ ምን እንደገባ ምን እንደወጣ በቀላሉ የምታዩበትን… ምናልባት። እኔም እኮ ማየት እችል ነበር። ሁሉም ተመዝግቦ ነበር። አልከፈትኩትም።

እህቴ ድሮ ትዕዛዝ ትጽፍባት የነበረችውን ሰማያዊ ደብተር መልሳ አውጥታለች። የምታውቋት ናት፣ ጀርባዋ የተቀደደው። ምንም አላለችኝም። ቦቱ መልእክት ሲልክላት ደንበኛው ጋ ትደውላለች፣ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላ ትጠይቃለች፣ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። ታዲያ ምኑን አቀለልኩላት ብዬ አስባለሁ፣ ደግሞ ሌሊት ሳትነሳ ስትቀር ደስ ይለኛል።

እማማ ቤት ግን… መንገዱን አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመልሻለሁ። ለአንድ ቃል ብዬ ቤታቸው ብገባ ያፍሩ ይሆን እላለሁ። ደግሞ አሁን የሆነ ነገር በረሱ ቁጥር ያንን ስክሪን ያስቡት ይሆን እላለሁ። ነገ እሁድ ነው። ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ በእኛ በር ነው የሚያልፉት። 3 ሰዓት አካባቢ።