ገበያው ሲመጣ ባለቤቱን ያግኘው
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የክብር እንግዶቻችን፣ ውድ ጋሼዎቼና እትዬዎቼ፣ አባትና እናቶቻችሁን ደግፋችሁ ያመጣችሁልን ልጆች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ባልደረቦቻችንን በሕሊና ጸሎት አስበናል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የሥራ አመራሩ ሪፖርት ሰፊ ስለሆነ ንግግሬን በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ አደርጋለሁ። በሙዚቃ ሙያችን ውስጥ ስማቸውም ገቢያቸውም ከወጣትነታቸው ዘመን ይልቅ ከስድሳ ዓመታቸው በኋላ የገነነላቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ዕድል ሰምሮላቸው ነው እንላለን። እኔ ግን የእያንዳንዳቸውን ነገር ከጅምሩ ሳስታውሰው ዕድሉ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ሥራ አያለሁ፤ ያንን ሥራ ነው ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው።

የዋልያስ ባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ በሆቴሎቻችን እስኪነጋ ይጨፈር እንደነበር ብዙዎቻችሁ መሣሪያ ይዛችሁ ያሳለፋችሁት ነው። በዚያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 (ከአዋጁ ቁጥር በቀር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ዋልያስ «ቼ በለው»ን አሳተሙ። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ገሚሱ ተመለሰ፣ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ፣ የልጅነቱን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠራ። «ሸሞንሟናዬ» የሚለው ነው። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ከዚያም ሌላ ካሴት መጣና ወደ መደርደሪያው ጥግ ገፋው። ኃይሉም ታክሲ መንዳት ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ተራ ረጅም ነው፤ ሾፌሩ ተሳፋሪ እስኪደርሰው ብዙ ይቀመጣል። ኃይሉ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ያወጣል፣ በባትሪ ይከፍተዋል፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራው እስኪደርስ ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ መሣሪያውን መልሶ ያስቀምጥና መሪውን ይይዛል። ለዓመታት እንዲህ አድርጓል። የሚጠብቀው የሙዚቃ ድግስ አልነበረም፣ ያዘዘው ሰው አልነበረም፣ የሰማውም ሰው የለም። ጣቱን ግን አላስደረቀም።

ከዚያ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እያሰባሰበ እንደገና የሚያሳትም አሜሪካዊ፣ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አገኘው። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፤ በ2013ም ሥራው እንደገና ታተመ። ኃይሉ ያኔ ከ65 ዓመት በላይ ነበር። የአውሮፓና የአሜሪካ መድረኮች ተከፈቱለት። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ፤ እነዚህ አዲስ ሥራዎች ናቸው። አድማጭ በአሮጌው ካሴት ተስቦ ሲመጣ አዲስ ነገር የሚያቀርብ እጅ አገኘ። ታክሲው ውስጥ የተደረገው ልምምድ ባይኖር ኖሮ ያ ስልክ አንድ የድሮ ቅጂ ከማሳተም የሚያልፍ አልነበረም።

ጌታቸው መኩሪያን ደግሞ አስቡ። ሽለላውን፣ ፉከራውን፣ ቀረርቶውን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ፖሊስ ኦርኬስትራ፤ ዕድሜውን በሙሉ በአገር ቤት መድረክ የኖረ ነው። ከዘ ኤክስ ጋር፣ ማለትም ከሆላንዶቹ የፓንክ ሙዚቀኞች ጋር፣ በ2004 ሲገናኝ ዕድሜው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነበር። በሚቀጥለው ሲዲዬ ላይ አጅቡኝ ብሎ የጠየቃቸው እሱ ራሱ ነው። ያ ጩኸት ያለበት ጊታር ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው፤ እሱ ግን በውስጡ የጦር ሜዳውን ስሜት ሰማ፣ መረጣቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ፤ በ2012 ሌላ ደገሙ፤ በ2016 እስካረፈ ድረስ የአውሮፓ ወጣት ሽለላውን ቆሞ ሰማው። ሽለላው ደግሞ አልተቀየረም! ለአዲስ አድማጭ ብሎ አላለሰለሰውም፣ አላሳጠረውም። ይህን ለእናንተም ለራሴም አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ዛሬ ከእኛ የሚፈለገው የራሳችን አጨዋወት ነውና የወጣቱን ዘፈን አስመስለን ለመጫወት አንድከም።

ሌሎችም አሉ። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ኒው ዮርክ ላይ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው፤ የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሙዚቃውን ይዞ ወደ ዓለም የወጣው ግን በ2005 ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1967 ጀርመን አሳትመው ገቢውን ለበጎ ሥራ ያዋሉ እናት ናቸው፤ የፒያኖ ሥራቸው በሰፊው የተሰማው ከ2006 በኋላ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ወዲህ ነው። ግርማ በየነም አሜሪካ ላይ ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2017፣ አካለ ውቤ ከተባሉት የፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አዲስ ሲዲ ይዞ ተመልሷል።

እነዚህ ሁሉ እንዲሆኑ ግን ቅጂው መትረፍ ነበረበት። አምሃ እሸቴ በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ መንግሥታዊውን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን ባያቋቁም፣ ማስተሮቹም፣ ማለትም ዋናዎቹ ቅጂዎች፣ ባይተርፉ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በተከታታይ ሲዲ የሚያሳትመው ባልኖረው ነበር። ያልተቀረጸ ወይም የተቀረጸበት ሪል የጠፋ ስንት ባንድ እንዳለን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አንዳንዱ ማስተር ላዩ ላይ ሌላ ተቀርጾበት ነው የጠፋው፤ ክር ውድ ስለነበር።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ የሚያመኝ እሱ ነው።

በካሴቱ ዘመን አብዛኞቻችን በቁርጥ ዋጋ ነው የሠራነው። እኔም ትራምፔት ተጫውቼ፣ ባንኮኒ ላይ ገንዘቤን ቆጥሬ፣ አንዲት ወረቀት ሳልይዝ የወጣሁባቸው ቅጂዎች አሉ። ሽፋኑ ላይ የድምፃዊው ፎቶ አለ፤ ቤዙን ማን መታ፣ ድራሙ ላይ ማን ነበር፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ አልተጻፈም። ዛሬ ያ ካሴት ውጭ አገር እንደገና ቢታተም አሳታሚው ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ማንን ብሎ ይፈልግ? ሺምኮዊትዝ ከሙዚቀኞች ጋር ትርፉን እኩል እንደሚካፈል ይታወቃል፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣ የሚካፈለውን ሰው ስምና አድራሻ ልንሰጠው ይገባል። ቅን ያልሆነው ሲመጣ ደግሞ የምናስቆመው በማስረጃ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዜማ ደራሲውንና የግጥም ደራሲውን መብት በሕይወት ዘመናቸውና ካለፉ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የተጫዋቹና የቅጂ አዘጋጁ ግን 50 ዓመት ብቻ ነው። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ የተቀረጹት ሸክላዎች፣ ዓለም ዛሬ አብዝቶ የሚፈልጋቸው እነዚያው፣ ለተጫዋቹ ጊዜያቸው አልፏል ወይም እያለፈ ነው። የቀረን ጠንካራው መብት የደራሲው ነው፤ እሱ ደግሞ «ሕዝባዊ» ተብሎ እየተጻፈ ወይም በሌላ ሰው ስም እየተመዘገበ እየባከነ ነው። ዜማው የእናንተ የሆነ፣ በሕይወት እያላችሁ ተናገሩ። ልጆቻችሁ በኋላ ማስረዳት ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ ሥራ አመራሩ ከሰዓት በኋላ ሁለት የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብላችኋል። አንደኛው፣ እያንዳንዱ አባል የተጫወተባቸውን ቅጂዎች ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ እንዲያስመዘግብ ነው፤ አብረው የተጫወቱት ሰዎች ተገናኝተው «እዚህ ላይ አልቶ ሳክስፎኑ የእገሌ ነው» ብለው እየተራረሙ እንዲፈርሙበት። ቤቱ ካሴት፣ ሪል፣ የባንድ ፎቶ፣ የድሮ ውል ያለው ይዞ ይምጣ፤ ቅጂው ተወስዶ ዕቃው ለባለቤቱ ይመለሳል። አንዱ አባላችን ባለፈው ወር በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጣቸውን ካሴቶች አምጥቶ ስንከፍት፣ ከውስጥ የልምምድ ቀረጻ ወጣ፤ በመካከሉ ሟቹ ድራመራችን «እንደገና፣ ከመግቢያው» ሲል ይሰማል። ሽፋኑ ላይ ስሙ ያልተጻፈለት ሰው፣ በራሱ ድምፅ እዚያ ክር ላይ አለ።

ሁለተኛው የልምምድ ክፍል ነው። ሰፊ አይደለም፤ አንድ ፒያኖ፣ አንድ የድራም ስብስብ፣ ሁለት አምፕሊፋየር የሚይዝ። ብዙዎቻችሁ መሣሪያችሁን በችግር ጊዜ ሸጣችሁ፣ እቤታችሁ የምትለማመዱበት የላችሁም። ወጣት ሙዚቀኞች ደግሞ የድሮውን የትንፋሽ መሣሪያ አቀናበር ከእናንተ መማር ይፈልጋሉ፤ ማክሰኞና ሐሙስ እነሱም እንዲገቡ ሐሳቡ ላይ ተካቷል። ወጪው ስለሚያከራክር የሒሳብ ክፍላችን ዝርዝሩን በየጠረጴዛው አድሏል፤ እባካችሁ ከምሳ በፊት አንብባችሁት ጥያቄያችሁን አዘጋጁ።

የምዝገባው ቅጽ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ አባቶችና እናቶች ልጆቹ ተቀምጠው ይጽፉላችኋል፤ ስትወጡ ሳትሞሉ እንዳትሄዱ አደራ። የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በይፋ መከፈቱን እየገለጽሁ፣ የዓመቱን ሪፖርት እንዲያቀርቡልን ዋና ጸሐፊያችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።