በሩ የት እንደሆነ ንገሩን

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ ውጤት እየጠበቃችሁ ያላችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አላችሁ?

በኑዛዜ ልጀምር። ከዓመታት በፊት የአንድ ኮሌጅ የተማሪ መራጭ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ቦታ ቀረን፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሁለት ፋይል። የልጆቹ ውጤት እኩል ነው። የድጋፍ ደብዳቤያቸው ራሱ አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። ሁላችንም ደክሞናል። አንዱ ባልደረባችን የላይኛውን ፋይል አነሳና «እኔን ይሄ ልጅ ተመችቶኛል» አለ። የተቃወመ የለም። አለቀ። የልጅቷ ፋይል ተዘጋ፤ «በነበረው ከፍተኛ ፉክክር ምክንያት» የሚል ደብዳቤም ተላከላት።

ደብዳቤው አልዋሸም፤ ፉክክሩ ከፍተኛ ነበር። ልጅቷን የጣላት ግን ድካማችን ነው።

ብዙ ሰው ለጥቂት ቦታ ሲሰለፍ የሚያዝን አይጠፋም። ይሄንን ማንም አያስቀረውም። ሰው ግን በምን እንደወደቀ ካወቀ አዝኖ፣ ተናዶ፣ ይነሳል። ካላወቀ ዕድሜ ልኩን ሲያብሰለስል ይኖራል።

የቶኪዮ ሜዲካል ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ ታስታውሱ ይሆናል። የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ሂሳቡን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። የሁለተኛው ዙር ፈተና ከ100 የሚታረም ድርሰት ነበር። መጀመሪያ የሁሉም ተፈታኝ ውጤት በ0.8 ይባዛል። ከዚያ ሁለተኛ ደረጃን በቅርብ ዓመታት ለጨረሱ ወንዶች 20 ነጥብ ይጨመራል። ለሴቶች ምንም። እንግዲህ አስቡት፤ 100 ያመጣች ሴት 80 ትይዛለች። 75 ያመጣ ወንድ 60 ይሆንና 20 ሲታከልለት እሱም 80። ድፍን 100 እና 75 እኩል ሆኑ ማለት ነው!

የሴቶችን ነጥብ መቀነሱ ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ተፈታኝ እንኳ ይሄንን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። የወጣውም በሌላ የሙስና ጉዳይ ላይ ምርመራ ሲካሄድ ነው። ሰበቡ ደግሞ «ሴት ሐኪሞች ሲወልዱ ሥራ ይተዋሉ» የሚል ነበር። እስቲ ይሄ ሰበብ በምዝገባ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ? አንድ ሳምንት አይዘልቅም ነበር። ለዚህ ነው ማስታወቂያ ላይ ለመጻፍ የምናፍርበትን መስፈርት ጓዳ ውስጥም ልንጠቀምበት አይገባም የምለው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ቅሌትም ሰምታችኋል። ሪክ ሲንገር የሚባለው ሰው ከሀብታም ወላጆች ገንዘብ እየተቀበለ፣ አሠልጣኞችን በጉቦ እየያዘ፣ ስፖርት ነክተው የማያውቁ ልጆችን አትሌት አድርጎ ያስገባ ነበር። ሰውዬው ለመንገዱ ስም አውጥቶለታል፦ «የጎን በር»። ዋናው በር በራስ ችሎታ የሚገባበት፣ የጓሮው በር ደግሞ በትልቅ ልገሳ የሚገባበት ነው፤ እንደ እሱ አባባል። የጎኑን በር የከፈተው ሲንገር ታሰረ። እኔን የሚገርመኝ የጓሮው ነው። እሱ ሕጋዊ ነው። ካሊፎርኒያ እንኳ የግል ኮሌጆቿ ለለጋሽና ለቀድሞ ተማሪ ልጆች ቅድሚያ እንዳይሰጡ በሕግ የከለከለችው ገና ከ2025 ጀምሮ ነው።

«እኛ እኮ ግልጽ ነን፤ ሁሉን አውጥተናል» የሚል ተቋም አለ። መቼ አወጣችሁት? ጥያቄዬ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ በወረርሽኙ ምክንያት ፈተና ሰርዛ የተማሪዎችን ውጤት በቀመር ሰጠች። መምህራን ከገመቱት ውጤት 40 በመቶ ገደማው ወደ ታች ወረደ። ቀመሩ የትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት ስለሚያይ፣ ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ጎበዝ ልጅ ከእሱ በፊት የተማሩት ሰዎች ዕዳ ተጫነበት። ከ300 ገጽ በላይ የሆነው ማብራሪያ የወጣው ውጤቱ በተነገረበት ዕለት ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሕጉን ማንበብ ምን ይጠቅማል? ከአራት ቀን በኋላ መንግሥት ራሱ ቀመሩን ጣለው።

አሁን የሚያስቃችሁ ሐሳብ ላምጣ። ዕጣ። አዎ፣ ዕጣ! ኔዘርላንድ ለሕክምና ትምህርት ለብዙ ዓመታት ዕጣ ታወጣ ነበር፤ ጥሩ ውጤት ያለው የመውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ችግር አልነበረውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከ10 9.6 ያመጣች ተማሪ ዕጣው ደጋግሞ ሳይወጣላት ቀርቶ አገር ተንጫጫ፤ ከዚያ በኋላ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ያለ ዕጣ ይገባ ጀመር። ዕጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ቀርቶ ነበር፤ በ2023 እንደገና ተፈቀደ። እኔ ለሁሉም ዕጣ ይውጣ አላልኩም። በእኩል ነጥብ ለቆሙት ግን «ተመችቶኛል» ከሚለው ዕጣ ይሻላል። ዕጣ ዘመድ የለውም። ከሰዓት በኋላም አይደክመውም።

መስፈርቱና የእያንዳንዱ ክብደት ምዝገባ ሳይከፈት ይለጠፍ። የታረመው ወረቀት ከነነጥቡ በአመልካቹ እጅ ይግባ። ይግባኙን ደግሞ መጀመሪያ የወሰኑት ሰዎች አይዩት። ወጪ አለው፤ አውቃለሁ። ሬጅስትራሮች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ያን ምሽት የሞላነው ቅጽ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። «ተቀባይነት አላገኘችም» ከሚለው ሥር «ምክንያት» ይላል፤ ከጎኑ ሦስት ባዶ መስመር። ምንም አልተጻፈበትም። ከታች አምስት ፊርማ አለ። አንዱ የእኔ ነው።